ከሰባት ሜትር ወዲያ፦ በውጭ አገር የኢኮቱሪዝም አስጎብኚነትን ስለ መለማመድ

ባዮሎጂ ወይም ቱሪዝም የሚያጠኑ ወጣቶች ከምረቃ በኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተጉዘው በኢኮቱሪዝም አስጎብኚነት ልምድ ለመቅሰም ሲመኙ እንሰማለን። ለመሆኑ ከዚያ የሚቀሰመው ምንድን ነው? የአእዋፍንና የአጥቢ እንስሳትን ስም መሸምደድ ከሆነ ድንበር መሻገር አያስፈልግም። በእኛ አስተያየት ዋናው ትምህርት ጎብኚን የሚገድበው ደንብ ከየትኛው ሳይንሳዊ እውነታ እንደ ተቀዳ በተግባር ማየት ነው። ለዚህም የኡጋንዳን የተራራ ጎሪላዎች እንመልከት።

በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ የሚገኘው የብዊንዲ ደን እ.ኤ.አ. በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ጎሪላን ማስጎብኘትም በ1993 ተጀመረ። ጎብኚ ከመቅረቡ በፊት የጎሪላው ቤተሰብ ከሰው ጋር መላመድ አለበት። ማላመድ ግን ማግራት አይደለም። ጠባቂዎች ምግብ ሳይሰጡና ሳይነኩ በየዕለቱ እየተከተሉ፣ እንስሳቱ ሰውን ከቁም ነገር እስከማይቆጥሩበት ድረስ ይታገሣሉ፤ ይህም ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ጎሪላ በየምሽቱ አዲስ መኝታ ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ስለሚሠራ፣ ፈላጊዎቹ ማለዳ ከትናንቱ ቦታ ተነሥተው የተሰበረውን ግንድና የእዳሪውን ትኩስነት እያዩ ዱካውን ይከተላሉ።

ከደረሱ በኋላ አንድን ቤተሰብ በቀን የሚጎበኙት ከ8 የማይበልጡ ሰዎች ናቸው፤ ቆይታቸውም አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ለረጅም ዘመን የተሠራበት ርቀት 7 ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከተከሰተው የኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ 10 ሜትር ሆኗል። ምክንያቱ የጎሪላው ቁጣ ብቻ አይደለም። ጎሪላ በዘረ መል ለሰው እጅግ ስለሚቀርብ የሰው ጉንፋን ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሩዋንዳ 12 አባላት ካሉት አንድ ቤተሰብ 11ዱ በመተንፈሻ አካላት ሕመም ተይዘው፣ አንዲት እንስትና አንድ ግልገል ሞቱ፤ በሟቾቹም አካል ውስጥ ከሰው የሚመጣ ሜታኒሞቫይረስ ተገኘ። በዓለም ላይ ያሉት የተራራ ጎሪላዎች ከአንድ ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ብቻ መሆናቸውን ስናስብ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የመጣን፣ ነገር ግን የሚያስለውን እንግዳ በትሕትና «ዛሬ አይገቡም» ማለት ምን ያህል ከባድ ሙያ እንደ ሆነ እንረዳለን።

ታዲያ ይህን ሥራ የውጭ አገር ሰው ሊሠራው ይችላልን? ብዙ ጊዜ አይችልም። የብዊንዲ አስጎብኚዎች የፓርኩ ሠራተኞች ናቸው። በጋላፓጎስ ደሴቶችም አንድ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ከ16 የማይበልጡ ጎብኚዎችን ይመራል፤ ፈቃዱ ግን ለደሴቶቹ ቋሚ ነዋሪዎች ነው። እንዲህ መሆኑም ተገቢ ይመስለናል፤ ኢኮቱሪዝም የአካባቢውን ሰው ካልጠቀመ ስሙን አያገኝምና። ስለዚህ ለተማሪ የሚቀርበው መንገድ ሥልጠናና ልምምድ ነው። በኬንያና በደቡብ አፍሪካ የሙያ ማኅበራት አስጎብኚዎችን በየደረጃው ይፈትናሉ፤ የኬንያው ማኅበር ደረጃዎቹን ነሐስ፣ ብርና ወርቅ ብሎ ሰይሟቸዋል። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ማወቅም የማይቀር ነው። በሌላ በኩል «በጎ ፈቃደኛ» እያሉ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ስፍራዎች አሉ። የአንበሳ ግልገል አቅፎ ፎቶግራፍ መነሣት የሚፈቀድ ከሆነ፣ ያ ቦታ ኢኮቱሪዝም አያስተምርም።

ልምዱ ወደ አገር ቤት ሲመለስ 7 ሜትሩን እንዳለ መገልበጥ አይበጅም። በባሌ ተራሮች ለቀይ ቀበሮ ዋነኛው ስጋት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የሚመጣውም ከቤት ውሾች ነው። እዚያ አስጎብኚው አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ጓዙን ተከትሎ የመጣ ውሻ መኖር አለመኖሩን ነው። በሰሜን ተራሮች ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሣር በመጋጥ ያሳልፋል፤ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይም ጎብኚው ፈገግታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዝንጀሮው ፍርሃቱን ወይም ማስፈራሪያውን እየገለጸ ሊሆን ይችላል። አንድ መንጋ መጋጡን አቁሞ ቀና ያለው ጎብኚዎች ስንት ሜትር ሲቀርቡ ነው? ሜትሩን፣ ሰዓቱንና የጎብኚዎቹን ቁጥር በየጉዞው በደብተሩ የሚመዘግብ አስጎብኚ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ለዚያ ስፍራ የሚስማማውን ርቀት ለፓርኩ በማስረጃ ሊያቀርብ ይችላል።