የተረፈውና የጎደለው

ከማንበባችሁ በፊት፦
በአካባቢያችሁ ምርት ሲበዛ የእህል ዋጋ ምን ይሆናል? የተረፈው እህልስ ወዴት ይሄዳል? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ከተወያያችሁ በኋላ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሰው ረኃብን ከእህል እጥረት ጋር ብቻ አያይዞ መመልከት ይቀናዋል። ዝናብ ሲጠፋ ሰብል ይደርቃል፤ ሰብል ሲደርቅ ጎተራ ይራቆታል፤ ጎተራ ሲራቆት ሰው ይራባል። ይህ አባባል በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ የረኃብ ታሪክ በጥሞና ሲመረመር፣ በአንድ አገርና በአንድ ዓመት ውስጥ በአንዱ ወገን እህል ተትረፍርፎ በሌላው ወገን ሰው በረኃብ ያለቀበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው «እህል አለ ወይ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «ያለው እህል ወደ ሌለው ሰው የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?» የሚለውም ጭምር ነው። ለዚህ ጥያቄ የጎረቤታችን የሱዳንና የራሳችን የኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ትምህርት ይሰጣል።

ሱዳን ለእርሻ የተመቸ ሰፊ መሬት ያላት አገር ናት። ከኢትዮጵያ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በካርቱም ይገናኛል። ከካርቱም በስተደቡብ በሁለቱ ወንዞች መካከል እ.ኤ.አ. በ1925 የተጀመረው የገዚራ የመስኖ እርሻ ተዘርግቷል። ከመተማ ማዶ ያለው የገዳሪፍ ሜዳ ደግሞ በዝናብ ማሽላና ሰሊጥ የሚመረትበት ነው። በእርሻው ወራት ከአማራ ክልል ወሰን ተሻግረው በዚያ በቀን ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ሱዳን የዐረቡን ዓለም የምትመግብ ጎተራ ትሆናለች የሚል ታላቅ ተስፋ ተጥሎባት ነበር።

በዚያ ዘመን የተረፈ እህል ይበልጥ የተከማቸው በበለጸጉት አገሮች ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣችው ሕግ ገበሬዎቿ ያመረቱትን ትርፍ እህል ወደ ሌሎች አገሮች መላክ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ተቋቋመ። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 የመጀመሪያውን የልማት ፕሮግራሙን ያካሄደው በሱዳን ነው። የአስዋን ግድብ ውሃ የዋዲ ሐልፋን አካባቢ ሊያጥለቀልቅ በመሆኑ፣ በዚያ የሚኖሩት የኑቢያ ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ መስፈር ነበረባቸው። የውጭው እህል በአዲሱ መሬታቸው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ስንቅ ሆናቸው። እዚህ ላይ ትርፍ እህል በትክክለኛው ጊዜ ለትክክለኛው ችግር ዋለ ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣ እህል ሁልጊዜ በጊዜው አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በዳርፉርና በኮርዶፋን ብርቱ ረኃብ በገባ ጊዜ ከአሜሪካ ብዙ ማሽላ ተላከ። ሕዝቡም በጊዜው በነበሩት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም «ዐይሽ ሬጋን» ማለትም «የሬጋን እህል» ብሎ ጠራው። ሆኖም እህሉ የሚራገፍበት ፖርት ሱዳን ከዳርፉር ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የባቡሩ አገልግሎት ደካማ ነበር፤ በላዩም ላይ የ1985ቱ ክረምት ዝናብ ሐዲዱን ጎዳው። እህሉ በአገሩ ውስጥ እያለ የተራበው ሰው መንገድ መንገድ ሲያይ ሰነበተ።

ወደ ራሳችን አገር ስንመለስ ሁለት ምሳሌዎች እናገኛለን። የመጀመሪያው የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በዚያ ዓመት የመላ አገሪቱ የእህል ምርት እጅግ አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው የረኃቡን ክብደት ያህል አልናረም። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ግን እህል የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ገዢ በሌለበት ገበያ ደግሞ እህል አይቆይም። በመሆኑም ጥቂት እህል ከተራበው ወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በትርፍ አምራች አካባቢዎች የበቆሎ ምርት እጅግ በመብዛቱ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። ገበሬው የሸጠበት ገንዘብ የማዳበሪያ ዕዳውን እንኳ መክፈል አቃተው። ወዲያውም ድርቅ ተከተለና በ1995 ዓ.ም. ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። አንዱ ገበሬ በጥጋብ ዘመን ከሰረ፤ ሌላው ዓመት ሳይሞላው ተራበ። የጥጋቡን እህል በተገቢ ዋጋ ገዝቶ በበቂ መጠን ማከማቸት ቢቻል ኖሮ ሁለቱም በተጠቀሙ ነበር። ከዚህም ሌላ በመኸር ጊዜ ከውጭ የሚራገፍ ነጻ እህል የአገሩን ገበያ ሊያወርድ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ስለሆነም የዓለም የምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ከአነስተኛ ገበሬዎች ማኅበራት እህል የሚገዛበትን ዕቅድ በሥራ ላይ አዋለ።

እስካሁን የተመለከትነው መንግሥታትና ታላላቅ ድርጅቶች የሚያደርጉትን ነው። የተረፈውን ወደ ጎደለበት የሚያደርስ ሌላም እጅ አለ፤ ይኸውም የጎረቤት እጅ ነው። ለዚህ ምስክር የምትሆነን ካርቱም ናት። አርካዊት ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በሱዳን ልማድ በረመዳን ጾም የሰፈሩ ሰዎች ማዕዳቸውን ወደ ደጅ አውጥተው ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ መንገደኛውንም አስቁመው ያስፈጥራሉ። ለብቻ የሚበላ ትርፍ እንደ ነውር ይቆጠራል። ሥራን በጋራ መሥራትንም «ነፊር» ይሉታል፤ ይህም ከእኛ ደቦ ጋር የሚመሳሰል ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲጀመር፣ አውሮፕላን ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። እንደ አርካዊት ያሉት ሰፈሮችም በጦርነቱ መካከል ወደቁ። ገበያ ተዘጋ፤ ደመወዝ ቀረ። በዚህ ጊዜ የሰፈር ወጣቶችና እናቶች በመዲናዪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች «ተኪያ» የተባሉ የጋራ ማእድ ቤቶችን አቋቋሙ። በታላላቅ ድስቶች ፉል፣ ምስርና የማሽላ ገንፎ እየሠሩ ዕቃውን ይዞ ለመጣ ሁሉ ያድሉ ጀመር። ብዙው ወጪ የሚሸፈነው በውጭ አገር የሚኖሩ ሱዳናውያን በስልክ የባንክ አገልግሎት በሚልኩት ገንዘብ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የስልክና የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠ ጊዜ ብዙ ማእድ ቤቶች ሥራቸውን አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥም ብዙዎቹ እንደገና ተዘጉ። ማእድ ቤቶቹን ከሚያስተባብሩት መካከል የሆኑት የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች በዚያው ዓመት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

በዚሁ ጦርነት ውስጥም የቀድሞው ታሪክ ተደግሟል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዝናቡ መልካም ስለነበረ የሱዳን የእህል ምርት ከቀዳሚው ዓመት ተሻሽሎ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ግን በሰሜን ዳርፉር በዘምዘም የተፈናቃዮች መጠለያ ረኃብ መግባቱ ተረጋገጠ። መንገዱ በጦር ስለተዘጋ የምሥራቁ ማሽላ የምዕራቡን ረኃብተኛ ሊያድን አልቻለም።

ከእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች የምንገነዘበው ትርፍ እህል በራሱ ረኃብን እንደማያጠፋ ነው። ጎተራው ከነቀዝ፣ መንገዱ ከጦርነት፣ ገበያው ከውድቀት ካልተጠበቁ፣ እህል ባለበት አገር ሰው ይራባል። የጎረቤት እጅ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ከሩቅ ካልተደገፈ ይዝላል። የሩቁ እጅ ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን የአገሩን ሰው ካላማከረ ይዘገያል፤ አንዳንዴም የገበሬውን ዋጋ ይሰብራል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን ሳይበሰብስ ከሃምሳው ሰው እጅ ሲደርስ ነው።

መልመጃ አንድ
ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. እ.ኤ.አ. በ1985 ለዳርፉር የተላከው ማሽላ በጊዜው ያልደረሰው ለምንድን ነው?
2. የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብና የ1995 ዓ.ም. ችግር በምን ይለያያሉ? በምንስ ይመሳሰላሉ?
3. የስልክ መስመር መቋረጥ የካርቱምን የጋራ ማእድ ቤቶች እንዴት ሊዘጋ ቻለ?
4. «የጎረቤት እጅ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ከሩቅ ካልተደገፈ ይዝላል» ሲባል ምን ማለት ነው?

መልመጃ ሁለት
የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ መሠረት አብራሩ፤ በየራሳቸውም ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
ተራቆተ፣ ተትረፈረፈ፣ ናረ፣ አሽቆለቆለ፣ ስንቅ፣ ነቀዝ፣ ዛለ

መልመጃ ሦስት
በአካባቢያችሁ በመኸር ወቅት የሚተርፈው ምርት ሳይበላሽ ወደ ተቸገሩ ሰዎች የሚደርስበትን ዘዴ አስቡና በሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ዘዴው የገበሬውን ዋጋና የተቀባዩን ክብር የሚጠብቅ መሆኑን በምክንያት አስረዱ።