አደራ የሚሄድበት መንገድ

በአዳማ በኩል የሚያልፈው መንገድ ከጧት እስከ ማታ ጭነት አይለየውም። ከባድ መኪናዎች ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ፤ ሌሎችም ቡና ጭነው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። አስፋልቱ አዲስ ነው፤ የመንገዱ ሥራ ግን እጅግ የቆየ ነው። መኪናና ባቡር ሳይመጡ በፊት፣ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ፣ አዋሽንም ተሻግሮ በሐረር በኩል እስከ ዘይላ ወደብ የሚደርስ የነጋዴ መንገድ ነበረ።

በዚያ መንገድ ከደጋው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳና ዝባድ ይወርድ ነበር። ከባሕርም አቡጀዲና ጠመንጃ ይወጣ ነበር። ነጋዴ ብቻውን አይሄድም። በበረሃው ጥም አለ፤ በዱሩ አንበሳ አለ፤ በጠባቡም ስፍራ ሽፍታ ይሸምቃል። ስለዚህ ብዙዎች ተሰብስበው በቅፍለት ይጓዙ ነበር፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለ። ጉዞውም ረጅም ነበረ። በ1889 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች ከዘይላ ተነሥተው በሐረር በኩል ወደ ዐፄ ምኒልክ ሲመጡ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ይህን ሁሉ መንገድ አንድ እንስሳ ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም። ግመል መዳፉ ሰፊና ለስላሳ ስለ ሆነ በአሸዋ ላይ በደኅና ይሄዳል፤ ብዙ ቀንም ውሃ ሳይጠጣ ይታገሣል። ነገር ግን የደጋው ብርድ ይጎዳዋል፤ በጭቃማ አቀበትም እግሩ ይንሸራተታል። በቅሎ ደግሞ ገደሉን በጥንቃቄ ትወጣለች፤ የበረሃው ሙቀትና ጥም ግን ያደክማታል። እንግዲህ ግመል በበቅሎ ሊመካባት አይችልም፤ በቅሎም ግመልን ልትንቀው አይገባትም።

ስለዚህ ጭነቱ በየስፍራው ይተላለፍ ነበር። ከዘይላ የተነሡት የሶማሌ ግመሎች በሐረር ተራሮች ግርጌ ባለችው በጀልዴሳ ይራገፋሉ። ከዚያ ዕቃው በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ሐረር ይወጣል። ከሐረርም ወደ ሸዋ የሚሄደው የኢቱና የከረዩ ኦሮሞዎችን አገር አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ ይመጣል። በኬላ ቀረጥ ይከፈላል። አንዱ ያመጣውን ሌላው ይቀበላል፤ ቋንቋቸው ልዩ ልዩ ሳለ ሥራቸው አንድ ነው።

አሁን አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ እናስብ። ይህ ነጋዴ በዘይላ የተጫነለትን አቡጀዲ በዓይኑ አያየውም። የግመሉን ነጂ አያውቀውም፤ በቅሎ የሚነዳውንም ሰው ስሙን አልሰማም። ሌሊት ቅፍለቱ በበረሃ ሲያድር ባለቤቱ በሩቅ አገር ተኝቷል። ከነጂዎቹ አንዱ ገመዱን ፈትቶ ጥቂት ጨርቅ ቢወስድ የሚያየው ሰው የለም።

ጭነቱ በአዲስ አበባ በተፈታ ጊዜ ግን ጉድለቱ ይታያል። ነጋዴውም ማን እንደ ሰረቀው ማወቅ አይችልም። የግመሉን ነጂ ይጠረጥራል፤ የበቅሎውን ነጂ ይጠረጥራል፤ የኬላውንም ጠባቂ ይጠረጥራል። በሚመጣው ዓመት ለእነዚህ ሰዎች ዕቃውን አይሰጥም። ያን ጊዜ ምንም ያላጠፉት ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር ይራባሉ። ሌባው የወሰደው ጥቂት ክንድ ጨርቅ ነው፤ ያጠፋው ግን የብዙ ሰዎችን ስምና እንጀራ ነው።

ኋላም ዘመኑ ተለወጠ። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ በዘይላና በጀልዴሳ በኩል ስላላለፈ የእነርሱ ገበያ ቀዘቀዘ። ድሬ ዳዋ ከተማ ሆነች፤ ኋላ ለብዙ ዘመን ናዝሬት ተብላ የተጠራችው አዳማም በባቡር ጣቢያዋ ዙሪያ አደገች። በወር የሚፈጸመው መንገድ በጥቂት ቀን የሚፈጸም ሆነ። ያም አሮጌ ባቡር ዛሬ በአዳማ በኩል አያልፍም፤ በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሌላ ባቡር ተመርቆ በፈንታው ገብቷል።

እንስሳው ቀረ፤ የጭነቱ መተላለፍ ግን አልቀረም። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ በሚገኘው በሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴይነር ይራገፋል፤ ዕቃውም በመኪና ተጭኖ ወደየአገሩ ይሄዳል። ሞጆ ዛሬ እንደ ቀድሞዋ ጀልዴሳ ናት። በኮንቴይነሩ ላይ ቁልፍና ማኅተም አለ። ነገር ግን ቁልፉን የያዘው ሰው ታማኝ ካልሆነ ብረት ብቻውን አደራን አይጠብቅም።

ልጆች ሆይ፥ ከዓለም መንገድ ሁሉን የሚጨርስ ሰው የለም። እያንዳንዱ ከሌላው ተቀብሎ ጥቂት ይሸከማል፤ ለሚቀጥለውም ያስረክባል። እናት ልጅዋን ገንዘብ አስይዛ ወደ ገበያ ብትልከው፣ ጎረቤትም ደብዳቤ አድርስልኝ ብሎ ቢሰጠው፣ ያ ልጅ በዚያ ሰዓት እንደ ቅፍለት ነጂ ነው። ጭነቱ ትንሽ ነው፤ አደራው ግን ትንሽ አይደለም። ማንም በማያይበት ስፍራ የተቀበለውን ሳያጎድል የሚያደርስ ልጅ፣ ሲያድግ ብዙ ሰው ያምነዋል።

ጥያቄ

1. የቀድሞው የነጋዴ መንገድ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይደርስ ነበር?
2. ግመል ወደ ደጋ፣ በቅሎም ወደ በረሃ ቢሄዱ ምን ያገኛቸዋል?
3. ሌባው የሰረቀው ጥቂት ሲሆን ጉዳቱ ለምን በዛ?
4. ሞጆ በምን ጀልዴሳን ትመስላለች?
5. በዚህ ሳምንት የተቀበልኸው አደራ ምንድር ነው? ለማንስ አስረከብኸው?