የፌንጣ ዱቄት ለልጆች ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። ሱቅ ውስጥ የፌንጣ ዱቄት ያለበት ፓስታ አየሁ። ለልጆቼ ብሰጥ ይጎዳቸዋል? ለአካባቢ ይሻላል መባሉስ እውነት ነው?

መልስ፦ አስቀድሞ የሚታየው አለርጂ ነው። ከልጆችዎ አንዱ ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን የማይስማማው ከሆነ ፈጽሞ አይስጡት። ትሮፖሚዮሲን የተባለው ፕሮቲን በእነዚህም በፌንጣም ውስጥ ስላለ ሰውነቱ ፌንጣውንም እንደ ሽሪምፕ ሊቆጥረው ይችላል። የአቧራ ተባይ አለርጂ ያለበትም ይጠንቀቅ። ሌሎቹ ልጆች በትንሹ ቢጀምሩ አያሳስበኝም። ቅባቱ በከፊል የወጣለትን የቤት ፌንጣ ዱቄት የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል፤ ማሸጊያው ላይም «አኬታ ዶሜስቲከስ» የሚለው ሳይንሳዊ ስም መጻፍ አለበት።

ማሸጊያው ላይ ያለው የፕሮቲን መጠን ግን ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል። ፕሮቲን የሚሰላው በናይትሮጅን ልኬት ሲሆን፣ የፌንጣው ቅርፊት የተሠራበት ካይቲንም ናይትሮጅን አለው። እንዲያም ሆኖ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ቢ12ም ይገኝበታል።

አካባቢን በተመለከተ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ፌንጣ እኩል ፕሮቲን ለመስጠት ከከብት 6 እጥፍ ያነሰ መኖ ይበቃዋል ብሏል። ይህ ከሥጋ ጋር ሲነጻጸር ነው። በቀዝቃዛ አገር የማርቢያው ቤት መሞቅ አለበት፤ ለዚያ የሚወጣው ኃይል ጥቅሙን ይቀንሰዋል። ምስርና ሽምብራ በየቀኑ ለሚበላ ቤተሰብ እኔ ለውጥ አልመክርም። የሚጾሙ ከሆነም፣ ፌንጣ እንስሳ ስለሆነ በጾም ወቅት እንደ ሽሮ አይቆጠርም፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።