ድምፅን ስለ ማጽናት
በውጭ ሀገር የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለሚማሩ የተዘጋጀ ትምህርት

በመጽሐፈ ቅዳሴያችን ካህኑ የሚለው፣ ዲያቆኑ የሚለውና ሕዝቡ የሚለው ተለይቶ ተጽፎአል፡፡ ሕዝቡ የሚመልሰው ክፍል ተሰጥዎ ይባላል፡፡ ይህ ክፍል የጥቂት ባለ ድምፆች ድርሻ አይደለም፤ በቤተ መቅደሱ የቆመ ሁሉ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ወንዱም ሴቱም የሚሳተፍበት ነው፡፡ ነገር ግን በስደት በምንኖርባቸው ሀገሮች ብዙ ጊዜ የምናየው ሁለት ወይም ሦስት ዲያቆናት በድምፅ ማጉያ ሲመልሱ የቀረው ምእመን ዝም ብሎ መቆሙን ነው፡፡ ከዲያቆናቱ አንዱ በሥራ ምክንያት የቀረ እንደ ሆነ ተሰጥዎው ይሳሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ካህኑ ራሱ ብሎ ራሱ ለመመለስ ይገደዳል፡፡

ምእመናኑ ስለምን እንደማይመልሱ ስንጠይቃቸው የምንሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ድምፄ አያምርም» ይላሉ፡፡ በውጭ ሀገር ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ደግሞ በዚህ ላይ ግእዙን እንሳሳታለን የሚል ፍርሃት ይጨምራሉ፡፡ ያማረ ድምፅና የጸና ድምፅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ ያማረ ድምፅ ስጦታ ነው፤ ለሁሉም አልተሰጠም፡፡ የጸና ድምፅ ግን በትምህርት ይገኛል፡፡ ለተሰጥዎ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፡፡ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ይህ ጽናት ከየት እንደሚገኝ፣ በተለይም መርጌታ በሌለበት አጥቢያ እንዴት ሊያዝ እንደሚችል እንመለከታለን፡፡

አባቶቻችን ተማሪን በቀጥታ ወደ ዜማ አያስገቡትም፡፡ አስቀድሞ በንባብ ቤት ፊደል ይቆጥራል፤ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስንና መዝሙረ ዳዊትን ያነባል፡፡ የሚነሣውን ከሚወድቀው፣ የሚጣለውን ከሚሰየፈው መለየት የሚማረውም በዚያ ነው፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉት የግእዝ ንባብ ስልቶች እነዚህ ናቸው፡፡ ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አልተሠራም፡፡ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ በጉሮሮው ሳይሆን በንባቡ ነው፡፡ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በእርግጠኝነት ያላወቀ ሰው ትንፋሹን ያዝ አድርጎ ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል፤ ድምፁም እየተቆራረጠ ይወጣል፡፡ እንግዲህ ማንኛውንም ተሰጥዎ ከማዜም በፊት ያለ ዜማ፣ ሳይደናቀፉ፣ ትርጉሙን እያሰቡ ደጋግሞ ማንበብ ይገባል፡፡ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 14 ዝማሬ በመንፈስ ብቻ ሳይሆን በአእምሮም ጭምር እንዲሆን ያስተምራል፡፡ ለልጆች በላቲን ፊደል የሚጻፈው ወረቀት ለጊዜው ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን «ቀ» እና «ከ»፣ «ጠ» እና «ተ» በዚያ ፊደል አጥርተው ስለማይለዩ ልጁ ሲያድግ አብሮት የሚያድግ ስሕተት ያስተምራል፡፡ ፊደሉን ማስቆጠር የሚጠይቀው ጥቂት ወራት ነው፡፡

ከንባብ ቀጥሎ ትንፋሽ ይመጣል፡፡ ድምፅ የሚፈጠረው ከሳንባ የሚወጣው ትንፋሽ በማንቁርት ውስጥ ባሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍና ሲያርገበግባቸው ነው፡፡ ትንፋሹ በእኩልነት ሲወጣ ድምፁ ይጸናል፤ በኃይል ሲገፋ ወደ ጩኸት ይለወጣል፤ ሲያልቅ ይንቀጠቀጣል፡፡ ያልተማረ ሰው አየር ሲስብ ትከሻውን ያነሣል፤ ይህ የሚሞላው የደረትን ላይኛ ክፍል ብቻ ሲሆን አንገትንም ያጠብቃል፡፡ ትክክለኛው አሳሳብ ትከሻ ሳይነሣ ሆድና የታችኛው ጎን ሲሰፋ ነው፡፡ እጅን በሆድ ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ አየር መሳብና «ስስስ» እያሉ ሳያቋርጡ በእኩልነት ማውጣት ቀላል ልምምድ ነው፡፡ ይህ ሲለመድ በአንድ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኣ» እያሉ መልመድ ይቻላል፤ ድምፁ መጨረሻው ላይ ሳይወድቅ ማቆም ከተቻለ ትንፋሹ ተገዝቷል ማለት ነው፡፡ በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ጩኸት ይበልጣል፡፡ በመቋሚያ የሚደገፉም መቋሚያው ደረታቸውን እንዳያጎብጠው ይጠንቀቁ፡፡

የዜማችን ምልክቶችም ለትንፋሽ መሪዎች ናቸው፡፡ ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ሂደትና ቁርጥ ስምንቱ ናቸው፤ በኋላ ዘመን ሊቃውንት ድርስንና አንብርን ጨምረው ዐሥር ሆነዋል፡፡ አባቶች በምሥጢራቸው ከጌታችን መከራ ጋር ያያይዟቸዋል፤ ይዘት መያዙን፣ ጭረት ግርፋቱን፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ ያሳስባል ይላሉ፡፡ ለጀማሪ የምንመክረው ግን አስቀድሞ ይዘትን አጥብቆ እንዲያውቅ ነው፤ ድምፁን የት እንደሚያሳርፍ ያወቀ ዘማሪ ትንፋሹንም የት እንደሚወስድ ያውቃልና፡፡

አሁን ብዙ አጥቢያዎችን ወደሚያስቸግረው ነገር እንመጣለን፡፡ በ505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ በትውፊት የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ ታሪክ በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው፡፡ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአጎቱ ከጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ በዛፍ ሥር አረፈ፤ ፍሬውን ለመብላት ደጋግሞ እየወጣ የሚወድቅ፣ በመጨረሻም የደረሰ ትል አይቶ ተመለሰ፡፡ ይህ ታሪክ የሚተረከው ስለ ትዕግሥት ነው፤ ትክክልም ነው፡፡ እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምርበታለን፤ ትሉ በወደቀ ቁጥር የሚመለሰው ወደዚያው ግንድ ነበር፡፡ በየጊዜው ዛፍ አልለወጠም፡፡ ያሬድም የተመለሰው ወደዚያው መምህር ነው፡፡

በውጭ ሀገር ያለው ተማሪ ዛፍ የሚለውጠው ሳያውቀው ነው፡፡ በቅዳሴ የደብረ ዓባይ ዜማና የሰለልኩላ ዜማ አሉ፤ በድጓም የቤተ ልሔም፣ የአጫብርና የቆማ ዜማ ይለያያል፡፡ ሁሉም የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ሁሉም የተከበረ ነው፤ አወራረዱና አጣጣሉ ግን አንድ አይደለም፡፡ በሀገር ቤት ተማሪው ከአንዱ መምህር እግር ሥር ስለሚቀመጥ ይህ ችግር አይሆንበትም፡፡ እዚህ ግን አንዱ ዲያቆን ከጎንደር፣ ሌላው ከትግራይ፣ ሦስተኛው ከሸዋ የመጣ ሆኖ በአንድ ቤተ መቅደስ ይቆማሉ፡፡ ልጁ ደግሞ በቤቱ ከስልኩ የሚሰማው ሌላ ነው፡፡ እሑድ ጧት ሲመልስ የሰማው ሁሉ ይደባለቅበታል፤ ከጎኑ የቆመው ወዲያ ሲያነሣ እርሱ ወዲህ ይጥላል፤ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ አፉን አይከፍትም፡፡ ይህ ልጅ ድምፅ አላጣም፤ ያጣው የሚደገፍበትን አንድ መንገድ ነው፡፡ ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው ካህናቱን ሰብስቦ ለማስተማሪያ የሚሆነውን አንዱን ዜማ ቢወስንና ሁሉም በእርሱ ቢያስተምሩ ከብዙ ልምምድ ይበልጣል፡፡ ውሳኔው ሌላውን መናቅ አይደለም፡፡ ሊቃውንቱ በዚህ ላይ ሲከራከሩ ልጆቹ ዝም ብለው እንዳደጉ አይተናል፡፡

በተቀረጸ ድምፅ መማር መልካም ነው፤ መምህር በሌለበትም ሌላ አማራጭ የለም፡፡ ነገር ግን መቀዳት ያለበት የመምህሩ ዜማ እንጂ የመምህሩ ጉሮሮ አይደለም፡፡ የ70 ዓመት አባትን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የሚያስመስሉ የ12 ዓመት ልጆች አሉ፤ ይህ አክብሮት ቢመስልም የልጁን ድምፅ ያበላሻል፡፡ እኅቶቻችንም የወንድ ድምፅ እየሰሙ ሲማሩ በዚያው ዝቅታ ለማዜም ይታገላሉ፤ ያንኑ ዜማ ለእነርሱ በሚስማማው ከፍታ ቢይዙት ዜማው አይለወጥም፡፡ ተማሪው የራሱንም ድምፅ ቀርጾ ቢሰማ ይጠቅመዋል፡፡ መቅረጫ ግን «ተሳስተሃል» ብሎ አያቆምም፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት ማዜም፣ መታረምም ያስፈልጋል፡፡ (የጥንቱ የየኔታ አለንጋ ግን እዚያው በቀድሞው ዘመን ቢቀር እንመርጣለን፡፡)

ዜማችን እንደ ፒያኖ የተወሰነ መነሻ ከፍታ የለውም፤ ከፍታውን የሚወስነው ጀማሪው ነው፡፡ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ስሕተትም ከፍ አድርጎ መጀመር ነው፡፡ ድምፀ መልካሙ ዲያቆን ለእርሱ በተመቸው ያነሣል፤ ከሁለት ሐረግ በኋላ እናቶች ያቋርጣሉ፤ ከዚያ አባቶች ይከተላሉ፤ ብቻውን ይቀራል፡፡ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ዜማው ከፍ የሚልበትን ቦታ በልቡ ያስብ፤ ያ ቦታ በኋላ ረድፍ ለቆሙት አረጋውያን የሚደረስ ከሆነ በዚያው ይነሣ፡፡ ድምፅ ማጉያውም ለካህኑና ለዲያቆኑ ይሁን፤ ተሰጥዎ ሲደርስ ቢርቅ ሕዝቡ የራሱን ድምፅ ይሰማል፡፡ የራሱን ድምፅ ያልሰማ ጉባኤ ደፍሮ አይመልስም፡፡

ድምፃቸው መለወጥ ለጀመረ ወንዶች ልጆች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ ማንቁርት ያድጋል፤ አውታሮቹ ይረዝማሉ፤ ድምፁ በድንገት ይሰበራል፡፡ በዚህ ጊዜ ልጁን በሕዝብ ፊት ብቻውን ከፍ ያለ ዜማ እንዲያነሣ ማስገደድ አይገባም፤ ዝቅ ብሎ ከሌሎች ጋር ይመልስ፤ ንባቡንም ያጠናክር፡፡ ከቅዳሴ በፊት ውኃ እንኳ ስለማይቀመስ ጉሮሮ መድረቁ አይቀርም፤ በክረምት በማሞቂያ የደረቀ አየር ይህን ያብሰዋል፡፡ ስለዚህ ውኃውን የጾሙ ሰዓት ከመድረሱ በፊት ጠግቦ መጠጣት፣ ቅዳሜ ማታም በልምምድ ድምፅን አለማድከም ይሻላል፡፡ ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረበት ሰው ሐኪም ይይ፡፡

ለመጀመር ብዙ ነገር አያስፈልግም፡፡ ከቅዳሴው አጫጭር ተሰጥዎዎች አንዱን ለአንድ ሳምንት መያዝ፤ ሰኞና ማክሰኞ በንባብ፣ ከረቡዕ ጀምሮ በዝቅተኛ ድምፅ በዜማ፣ እሑድ ከሕዝቡ ጋር፡፡ በዚህ ዓይነት የቅዳሴው ሲያልቅ የየዕለቱን ውዳሴ ማርያም መከተል ይቻላል፡፡ የቅዱስ ያሬድ በዓል ግንቦት 11 ቀን ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ በዚህ መንገድ የሚማሩ ልጆች በዚያ ቀን ማጉያው ተዘግቶ ተሰጥዎውን ቢመልሱ ወላጆቻቸው ይሰሟቸዋል፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡