ባለ ባትሪ የሥራ መሣሪያ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ፤ ስለ ማርካ አመራረጥ

ሽቦ የሌለው መሰርሰሪያ፣ ግራይንደር፣ መጋዝና ብሎን ማሰሪያ በመርካቶም ሆነ በክልል ከተሞች ባሉ የሕንፃ ዕቃ መደብሮች በብዛት መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ «የትኛው ማርካ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ከገዢውም ከሻጩም አፍ አይለይም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ዋጋው ብቻ በመሆኑ ዋናው ነገር ተረስቶ ይቀራል። ነጋዴው አንድ ማርካ በመረጠ ጊዜ በእርግጥ የሚመርጠው መሰርሰሪያውን ሳይሆን ባትሪውን ነው። መሰርሰሪያ በደኅና ከተያዘ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ባትሪው ግን በየቀኑ ሲሞላና ሲያልቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል። በዚያን ጊዜ ለመሣሪያው የሚስማማ ባትሪ በገበያ ያልተገኘ እንደሆነ፣ ጤነኛው መሣሪያ ከብረት ቁራጭ አይሻልም፤ አናጢውም ወቀሳውን ይዞ የሚመጣው ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ ሸጠለት ሱቅ ነው።

ነገሩ ከታሪኩ ሲታይ ይበልጥ ይገለጻል። ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሽቦ አልባውን የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ ባትሪው ከኒኬልና ከካድሚየም የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሚልዋኪና ማኪታ በሊቲየም ባትሪ የሚሠሩ መሣሪያዎችን አቀረቡ። የሁለቱ መንገድ ግን ወዲያው ተለያየ። ማኪታ ያን ጊዜ የጀመረው የ18 ቮልት መስመር እስከ ዛሬ በመሸጥ ላይ ይገኛል፤ ሚልዋኪ በ28 ቮልት ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ የ18 ቮልት መስመር አወጣ፤ የኋለኛውም ባትሪ በፊተኛው መሣሪያ ላይ አይገባም። በዚህ የተነሣ ሚልዋኪን ማንም አይነቅፈውም፣ መሣሪያው የተመሰገነ ነውና፤ ነገር ግን አስመጪው ከሻጩ ኩባንያ ጋር ሲጻጻፍ «ይህ ባትሪ ከመቼ ጀምሮ ይሠራል? እስከ መቼስ ይቀጥላል?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ ይረዳል።

የስም መመሳሰልም ያታልላል። የጀርመኑ ቦሽ ለባለሙያ የሚሠራቸው ሰማያዊ መሣሪያዎችና ለቤት ውስጥ ሥራ የሚሠራቸው አረንጓዴዎቹ ሁለቱም 18 ቮልት ያላቸው ሁነው ሳለ ባትሪያቸው አይለዋወጥም። በማኪታም ዘንድ ኤል.ኤክስ.ቲ. የሚባለው መስመርና ጂ የሚል ፊደል ያለው ርካሹ መስመር አይገጣጠሙም። ሚልዋኪና ሪዮቢ በአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ሥር ይመረታሉ፤ ዲዋልትና ብላክ ኤንድ ዴከርም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ወንድማማቾቹ ባትሪ አይበዳደሩም። ስለዚህ በማዘዣው ደብዳቤ ላይ «ቦሽ 18 ቮልት» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የባትሪው የሞዴል ቁጥር መጠቀስ አለበት።

በሳጥኑ ላይ የሚታተመው የቮልት ቁጥርም ማብራሪያ ያሻዋል። በባትሪው ውስጥ የሚደረደሩት ሴል የሚባሉት ትናንሽ ባትሪዎች እያንዳንዳቸው በመደበኛው 3.6 ቮልት ስለሚሰጡ፣ አምስቱ ሲቀጣጠሉ 18 ቮልት ይሆናሉ። ገና ተሞልተው ሲወጡ ግን እያንዳንዳቸው እስከ 4.2 ቮልት ስለሚደርሱ ድምሩ 21 ይሆናል። ስለሆነም ዲዋልት በአሜሪካ 20 ቮልት፣ በአውሮፓ ደግሞ 18 ቮልት ብሎ የሚሸጠው ጉልበቱ አንድ ነው፤ በአንዳንድ የቻይና ሳጥን ላይ 21 ተብሎ የሚጻፈውም ያው አምስት ሴል ነው። በዚያው መጠን ባለው ባትሪ ላይ 48 ወይም 88 እያሉ የሚያትሙት ግን ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት ሊያስረዱ የሚችሉ አይመስለንም። ትክክለኛው መመዘኛ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው። 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ሲይዝ፣ 2 አምፔር ሰዓት ያለው 36 ብቻ ይይዛል፤ ዋጋ የሚወዳደረውም በዚህ ነው።

አምፔር ሰዓቱም ቢሆን ስለ ታተመ ብቻ አይታመንም። ለዚህ ግን ባለ ሱቁ ሚዛኑ ይበቃዋል። በተለመደው አሠራር በ5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ውስጥ አሥር ሴሎች ይገኛሉ፤ አንዱ ሴል 45 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሴሎቹ ብቻቸውን ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋሉ። ከትልልቅ አምስት ሴሎች የሚሠራም አለ፤ እርሱም ከነሽፋኑ ከግማሽ ኪሎ ብዙ አይጎድልም። እንግዲህ 5 አምፔር ሰዓት የሚል ጽሕፈት ይዞ 400 ግራም የማይሞላ ባትሪ የተገኘ እንደሆነ፣ በውስጡ ያለው ከጽሕፈቱ ያነሰ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። የታወቁ ማርካዎችን ቅርጽ አስመስለው የሚሠሩ ስለ በዙ፣ ምዘናው መደረግ ያለበት ናሙናው በመጣ ጊዜ እንጂ ዕቃው ጂቡቲ ከደረሰ በኋላ አይደለም።

ትርፍ ባትሪን በሚመለከት ብዙ ነጋዴ «ሲያልቅ በአውሮፕላን አስመጣለሁ» ይላል። ይህ አያዋጣም። ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይጓዝ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲሄድም የተሞላው ኃይል ከመቶ 30 እንዳያልፍ ታዟል። ጫኚዎችም የተባበሩት መንግሥታትን 38.3 የተባለውን ፈተና ያለፈበትን ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ይህን ማስረጃ ሊልክ የማይችል ፋብሪካ ቢቀር ይሻላል። ስለዚህ ትርፍ ባትሪው ከመሣሪያው ጋር በአንድ ጊዜ በባሕር መታዘዝ አለበት። በእኛ ግምት ለ100 መሣሪያ 50 ትርፍ ባትሪና 20 ትርፍ መሙያ አይበዛም። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ማቆየት እንደሚከብድ አይጠፋንም፤ ነገር ግን አናጢው ለባትሪ የተመለሰበት ሱቅ ሁለተኛውን መሣሪያም ይሸጥለታል። የተከማቸው ባትሪ ሙቀት በማይበዛበት ቦታ፣ ሙሉ ለሙሉ ሳይሞላም ባዶም ሳይሆን ይቀመጥ፤ ባዶውን ብዙ ወራት የከረመ ባትሪን መሙያው አልቀበልም ሊለው ይችላልና።

ማርካ ጥቀሱልን ለሚሉን አንባቢዎች ያለን አሳብ ይህ ነው። በከተማ ለባለሙያ የሚሸጥ፣ ከላይ ከተጠቀሱት ዕድሜ ካላቸው መስመሮች አንዱን ይዞ ቢጸና ይበጀዋል። በክልል ያለ ባለ ሱቅ ግን፣ ባትሪውን ዘወትር የሚያቀርብ ወኪል ካለው፣ እንደ ኢንግኮ ወይም ቶታል ያለውን የቻይና ማርካ ይዞ፣ ዝናው የገነነ ባትሪው ግን ከማይገኝ ማርካ የተሻለ ንግድ ሊሠራ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ብረት ለሚቆርጥ ሠራተኛ ደግሞ ባለ ሽቦውን ግራይንደር መሸጥ ነው፤ ባትሪ ለዚህ አልተፈጠረም።

መሙያውም ሳይታይ አይታለፍ። ከዱባይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ሶኬት ሲሆን፣ ቮልቱ ከእኛ 220 ጋር ስለሚስማማ ሶኬቱን መለወጥ ብቻ ይበቃል። ከአሜሪካ ዘመድ ልኮልኝ ነው ተብሎ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ፣ በጀርባው የተጻፈው ሳይነበብ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። እንዲህ ላለው ደንበኛ ባትሪውንና መሣሪያውን እንደያዘ የ220 ቮልቱን መሙያ ብቻ ለይቶ መሸጥ ይቻላል።