ስለ ሩጫና ስለ ልብ ጽናት

በሱሉልታ ሜዳ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የሚሮጡ ሰዎች አሉ። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላለው ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ ብርዱም እስከ አጥንት ይዘልቃል። እግር ሲዝል ልብ «ይበቃል» ይላል፤ እነርሱ ግን ጥቂት ይጨምራሉ፥ በማግሥቱም ይመለሳሉ። ልብም እንዲህ በየቀኑ ሲለማመድ ድካምን መፍራት ይተዋል።

ልጆች ሆይ፥ ይህን በአበበ ቢቂላ ታሪክ ተመልከቱ። በ1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ ጳጉሜን 5 ቀን፥ በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ያህል በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱ በሐኪም ከወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ አሸነፈ። (የታመመ ሰው ሐኪም ሳይፈቅድለት ይሩጥ ማለቴ አይደለም።)

እኔን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የኋላው ነው። በ1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር በሆስፒታል ብዙ ወራት ተኛ። እንግዲህ ያ ሁሉ ሩጫ ከንቱ ቀረን? በ1962 ዓ.ም. በዚያው አገር፥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፥ እንደ እርሱ መራመድ ከማይችሉ ሰዎች ጋር ቀስት በመወርወር ተወዳደረ።