መንጋጋ ከተነቀለ በኋላ በቤት የሚደረግ ጥንቃቄ

ብዙዎቻችን ጥርስ ካስነቀልን በኋላ «ተገላገልኩ» ብለን የሐኪሙን ምክር ከክሊኒኩ ደጅ ሳንርቅ እንረሳዋለን። በተለይ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ (የአእምሮ ጥርስ) ሲነቀል ዋናው ጥንቃቄ የሚጀምረው ቤት ከገቡ በኋላ ነው።

የረጋው ደም ጥቅም

ጥርሱ በነበረበት ጉድጓድ ደም ይረጋል። ይህ ደም አጥንቱንና ነርቩን የሚሸፍን የተፈጥሮ ፋሻ ነው። ያለጊዜው ከተነሳ አጥንቱ ይራቆትና በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ገደማ ወደ ጆሮ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመምና መጥፎ የአፍ ጠረን ይከተላል። ስለዚህ ከታች ያለው ምክር ሁሉ ይህን ደም ለመጠበቅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን

1. የተሰጥዎትን ጎዝ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ጠበቅ አድርገው ይንከሱ፤ እያወጡ አይመልከቱት።

2. አይጉመጥመጡ፣ በኃይል አይትፉ፣ በስትሮ አይምጠጡ። ዉዱእስ? በሐረር በሚበዛው የሻፊዒይ መዝሀብ በዉዱእ ጊዜ መጉመጥመጥ ሱንና እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ለዕለቱ ቢተዉት ዉዱእዎ ይሆናል። ሲዋክም ከቁስሉ ይራቅ።

3. በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ጉንጭዎ ላይ 15 ደቂቃ ያህል ይያዙ፤ አሳርፈው ይድገሙት።

4. ሲተኙ ትራስ ደርበው ራስዎን ከፍ ያድርጉ።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ

ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ሟሙቶ፣ ከምግብ በኋላ በቀስታ አፍዎን ያለቅልቁ። እብጠቱ እስከ 3ኛው ቀን ቢጨምር አይደንግጡ፤ ከዚያ በኋላ መቀነስ አለበት።

ምግብና መጠጥ

ለብ ያለ ሾርባ፣ አጥሚት፣ እርጎ፣ ሙዝና የበሰለ ማንጎ ተስማሚ ናቸው። ቡናም ሆነ ሆጃ እስኪበርድ ይታገሱ። ቆሎና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለጊዜው ይቅር።

ስለ ጫትና ሲጋራ

በከተማችን ከሰዓት በኋላ በርጫ መቀመጥ የተለመደ ነው። ነገር ግን ጉንጭ ውስጥ የሚያዘው ቅጠል ቁስሉን ይፈገፍጋል፣ መምጠጡም የረጋውን ደም ያነሳል። ሲጋራና ሺሻ ደግሞ ወደ ቁስሉ የሚደርሰውን ደም ይቀንሳሉ። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይራቋቸው። ሊጠይቋችሁ የምትመጡ ወዳጆችም ጫት ይዛችሁ ባትመጡ ትልቅ እርዳታ ነው!

መድኃኒት

አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ሊወስድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም። የጉበት ሕመምተኛ ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። አስፕሪን ደም ስለሚያፈስ ለማስታገሻ አይውሰዱ፤ ሐኪም ለልብ ያዘዘልዎ ከሆነ ግን በራስዎ አያቋርጡ። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር የሆነች ሐኪም ሳይጠይቁ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አይውሰዱ። በረመዷን ከሆነና ሐኪም በቀን መድኃኒት ካዘዘ፣ ለታመመ ሰው አፍጥሮ ቆይቶ ቀዷ ማውጣት ተፈቅዷል።

መቼ ወደ ሐኪም ይመለሱ?

ጎዝ ነክሰው ደሙ ካልቆመ፣ ትኩሳት ካለ፣ ከ3ኛው ቀን በኋላ እብጠቱ ወይም ሕመሙ ከባሰ፣ ከንፈርዎ እንደደነዘዘ ከቀረ ወደ ነቀለልዎ ሐኪም ይሂዱ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ጁገል ሆስፒታል ይድረሱ።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ዓፊያውን ይለግስልን።